«የግንዛቤ እጥረት» የማን ነው?

ጋዜጠኝነት ስንማር ማንም ሳያስተምረን የለመድናት አንዲት ሐረግ አለች፤ «የግንዛቤ እጥረት»። ሰው በመኪና ተገጨ? የግንዛቤ እጥረት። ወንዙ ቆሸሸ? የግንዛቤ እጥረት። ሕፃን ልጅ ስድስት ወር ሳይሞላው ውኃ ጠጣ? ይቺው ናት፤ የእናቱ የግንዛቤ እጥረት። ዜናው አለቀ፣ ወደ ስፖርት እንለፍ!

እስቲ ዛሬ ሐረጓን ይዘን ላስታ እንውጣ። ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በሚወስደው ዳገት ላይ የምትኖር አንዲት አራስ እናስብ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷ ድረስ መጥታ ነግራታለች። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፣ ቢጫውን እንገር አትድፊው፣ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ምንም አይቅመስ፣ ውኃም ቢሆን። ጠይቋት፣ አንድ ሳታስቀር ትመልስላችኋለች።

ግን ቤቱ ውስጥ ብቻዋን አይደለችም። አማቷ አሉ። እሳቸው ልጆቻቸውን ያሳደጉት ገና እንደተወለዱ ቅቤ እያላሱ፣ ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው የአብሽ ውኃ ጠብ እያደረጉ ነው። «ባልሽን ያሳደግኩት እንዲህ ነው፤ ምን ሆነ?» ቢሏት ምን ትመልስ?

ቅዳሜ ደግሞ የላሊበላ ገበያ ነው። እንጨቱን ተሸክማ ቁልቁለቱን ስትወርድ ልጁን በየት በኩል ትዘለው? ጀርባዋ አንድ ነው። ልጁ ከታላቅ እህቱ ጋር ይቀራል። ሲያለቅስ ውኃ ይቀምሳል፤ ውኃው ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጡ ይከተላል። እናትየው ይህን ታውቃለች። ግን ለቤቱ ጨው ማን ይግዛ?

ይሄ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ሁለት ወር ካልሞላቸው ሕፃናት 74 በመቶው ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። አራትና አምስት ወር ከሆናቸው ግን 36 በመቶው ብቻ። በመጀመሪያው ወር የሚታወቅ ነገር በአምስተኛው ይረሳል እንዴ? ዕውቀቱማ የትም አልሄደም፤ የአራስነቱ ጊዜ አልቆ ሥራ ተጀመረ እንጂ።

ለነገሩ እኛ ከተሜዎቹስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ የሰጣት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ነው። ለአባትየው ሦስት ቀን። ጤና ጣቢያው «ስድስት ወር» ይላል፣ ቢሮው ከዚያ በፊት «ግቢ» ይላል። ባለዲግሪዋ ጓደኛችን የቆርቆሮ ወተት ስትገዛ ግን «ግንዛቤ ይጎድላታል» የሚላት የለም። «ሥራ ይዟት ነው» እንላለን። ለላስታዋ እናት ይህን ለማለት ለምን አፋችን ተያዘ?

ትምህርቱ ይቅር አላልንም። በ1997 ዓ.ም. ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 49 በመቶ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 59 በመቶ ደርሰዋል። ቤት ለቤት የተለፋው ልፋት በከንቱ አልቀረም። እኛ የምንለው ምክሩ የሚሰጠው ለተሳሳተው ሰው ነው። እናትየው ሰምታለች። አሁን አማቷ ይጠሩ፣ ምክሩን ከልጅ ልጃቸው ጋር አብረው ይስሙ። ባልም ይጠራ፤ ቅዳሜ እንጨቱን እሱ ይሸከም። አዋጅ አውጪዎችም ቀኑን ደግመው ይቁጠሩ።

እኛም ብዕር ስናነሳ «የግንዛቤ እጥረት» ከማለታችን በፊት እንጠይቅ፤ የማን?