ካርዱን እንውሰድ፤ ውሳኔው የየራሳችን ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የግንቦት 16 ቀን 2007ቱ ምርጫ እየተቃረበ ነበር። የመራጮች ምዝገባም ተጀምሮ ነበር። ከጁሙዓ ሶላት ስንወጣ፣ በሱቃችን፣ በታክሲው ውስጥ የምንሰማው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ካርድ እናውጣ ወይስ እንተወው?»

«እንተወው» የሚለው ወንድማችን ምክንያት አለው። በ2002 ዓ.ል. ከ547 የፓርላማ ወንበሮች 545ቱን የወሰዱት ኢሕአዴግና አጋሮቹ ናቸው። ለተቃዋሚ የተረፈው አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ኮሚቴዎቻችንም ከሐምሌ 2004 ጀምሮ በእስር ላይ ነበሩ። «ይህን ሁሉ እያየሁ ተሰልፌ ምን ላተርፍ?» ቢል ሊወቀስ አይገባም። ሊመለስለት ግን ይገባል።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። ስለ ሙስሊሙ የፖለቲካ ዝንባሌ ሁለት ዓይነት ወሬ ይናፈሳል። አንዱ «ሙስሊሙ ከድሮም የኢሕአዴግ ነው» ይላል። ሌላው «ከአወሊያ ወዲህ ሙስሊሙ ሁሉ ተቃዋሚ ሆኗል» ይላል። ሁለቱም ሕዝቡን አልጠየቁትም። በመርካቶ የሚነግደው፣ በወሎ የሚያርሰው፣ በባሌ ከብት የሚያረባው ሙስሊም ስለ ግብሩ፣ ስለ መሬቱና ስለ ልጁ ሥራ የሚያስበው አንድ ዓይነት አይደለም። በጥር 2004 የተነሱት ጥያቄዎቻችን የጋራ ናቸው፤ ፓርቲያችን ግን የጋራ አይደለም፣ ሊሆንም አይገባም። የአንድ ሰፈር ዝንባሌ ደግሞ ቋሚ ርስት አይደለም። በ1997 አዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮቿን ለቅንጅት ሰጠች ተባለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከነዚያው ወንበሮች 22ቱ የኢሕአዴግ ሆነው ተቆጠሩ። ስለዚህ ማንም ተነስቶ «የእገሌ ሰፈር ድምፅ በኪሴ ነው» ቢል አንመነው።

አንዳንዶች «መስከረም 27 ቀን 2005 የመጅሊስ ምርጫ ብለው በቀበሌ ሲያካሂዱ አልተሳተፍንም፤ አሁንስ ለምን እንሳተፋለን?» ይላሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ነገሩ ግን ይለያያል። ያኔ ጥያቄያችን ግልፅ ነበር፦ የመጅሊስ ምርጫ በመስጂድ ይሁን የሚል። መቅረታችን ራሱ መልስ ነበር፤ ምን ማለታችን እንደሆነም ሁሉም ያውቅ ነበር። በፓርላማ ምርጫ ግን የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ የሚመዘግብ የለም። በሕጋችን ብዙ ድምፅ ያገኘ ዕጩ ያሸንፋል። ከምርጫ ክልሉ ነዋሪ ግማሹ ቤቱ ቢውልም ወንበሩ ባዶ አይቀርም። የቀረው ሰው ተቃውሞ ይሁን ስንፍና፣ ሳጥኑ አይለየውም።

በሌላ በኩል ሰልፉ ስለረዘመ ብቻ ሕዝቡ ደስ ብሎታል ማለት አይደለም። በሚያዝያ 2005 የአካባቢ ምርጫ 33 ፓርቲዎች አልወዳደርም ብለው ወጡ፤ ሰልፉ ግን ነበር። በአንድ ለአምስት ተጠርቶ፣ መታወቂያ ሳሳድስ ችግር ይገጥመኛል ብሎ ፈርቶ የወጣ ስንቱ ነው? ለዚህ ወገናችን መንገር ያለብን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ ያስቀመጠውን ነው፦ ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው። ካርዱን ሂድና አውጣ ያለህ ሰው ከመጋረጃው ጀርባ አብሮህ አይገባም።

«መመዝገብ ራሱ ሥርዓቱን ማጽደቅ ነው» ለሚለውም መልስ አለን። ካርድ ያወጣ ሰው ለፈለገው መምረጥ ይችላል፤ ባዶ ወረቀት መክተት ይችላል፤ ካሻውም ይቀራል። ካርድ ያላወጣ ግን ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነው። ወደፊት የሚሆነውን ሳናውቅ ዛሬ በራችንን ለምን እንዘጋለን?

ስለዚህ 18 ዓመት የሞላህና በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር የኖርክ ወንድሜ፣ ካርድህን አውጣ። እህቴ፣ አንቺም እንዲሁ፤ ባልሽ ወይም ወንድምሽ ስላወጣ አንቺ ወጣሽ ማለት አይደለም። በየሰፈራችሁ የሚቀርቡትን ዕጩዎች፣ የገዢውንም የተቃዋሚውንም፣ በትሕትና ጠይቋቸው፦ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ የሚያዘውን አንቀጽ 11ን እንዴት ያስከብራሉ? ታስረው ስለነበሩት ምን ይላሉ? መልሳቸውን ያዙት፤ ለጎረቤትም ንገሩ። መስጂዶቻችንን ግን የማንም ፓርቲ ቅስቀሳ ቦታ አናድርጋቸው። ኢማሙ «እገሌን ምረጡ» ካለ፣ መጅሊሱን ከካድሬ እጅ ነፃ አውጡልን የሚለው ጥያቄያችን ምን ትርጉም ይኖረዋል?

በቋንቋችን «ድምፅ» የሚለው ቃል በአደባባይ ለምናሰማውም በሳጥን ለምንከተውም አንድ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የመጀመሪያውን በሰላም አሰምተናል። ሁለተኛውን ማንም በስማችን እንዲጠቀምበት አንተውለት። እንንቀሳቀስ፤ ውጤቱ የአላህ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።