ዝም ይነቅዛል

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ያልሰማኸው አይመስለኝም። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራኖቻችን ይኸንኑ በሌላ ቃል ያስተምሩን ነበር፤ ያዘነ ልጅ ፊቱን ታጥቦ ወደ ክፍሉ ይግባ ይሉ ነበር። እኔም በተራዬ መምህር ሆኜ ሠላሳ ዓመት ያህል ይኸንኑ አስተማርሁ። ዛሬ ግን ያስተማርሁትን ለማፍረስ እጽፋለሁ። ዝም ይነቅዛል፤ ነቅዞም አይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ15 ዓመት በፊት የ9 ዓመት ልጅ የነበረች ሴት ልጄ በአንድ ሌሊት ታማ ሞተችብኝ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ዕድርተኛው ሦስት ቀን ከአጠገቤ አልተለየም። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ እንደ አገራችን ሰው ለቅሶ የሚያውቅበት ጥቂት ነው። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ያለውን ዘመን የሚያውቅበት ሰው ግን አላገኘሁም። በሁለተኛው ወር ስሟን ሳነሣ ወዳጆቼ ጨዋታ ይለውጡ ነበር። «አንተ የተማርህ ሰው አይደለህምን? ሆድ ይፍጀው በል» ይሉኝ ነበር። እኔም አልሁ። ነገር ግን ሆዴ ኀዘኑን አልፈጀውም፤ ኀዘኑ ሆዴን ፈጀው እንጂ። እንቅልፍ ጠፋ፤ እህል አፈር አፈር አለኝ፤ ባለቤቴን በረባ ባልረባው መቆጣት አበዛሁ። በመጨረሻም አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ምንም ያላጠፋውን ተማሪ፥ ስለ ሳቀ ብቻ፥ በማስመሪያ ፊቱን መታሁት። ደሙ በደብተሩ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ።

ከዚያ በኋላ አንዲት ነርስ መክራኝ ወደ ሥነ ልቡና ባለሙያ ሄድሁ። ስሄድም የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ እንደ ሌባ መንገድ እየለወጥሁ ነበር። ባለሙያዋ ከእኔ በዕድሜ በጣም የምታንስ ሴት ነበረች፤ ይህም ኩራቴን አልወደደለትም። በሳምንት አንድ ቀን እየሄድሁ 12 ሳምንት ተመላለስሁ። ብዙ ሰው ሳያውቀው ይሳለቅበታልና እዚያ ምን እንደሚደረግ ልንገርህ። ክኒን አልተሰጠኝም፤ ምክር እንኳ እምብዛም አልተሰጠኝም። «መምህር፥ ሌሊት ሲነቁ አስቀድሞ የሚመጣብዎ ሐሳብ ምንድን ነው?» አለችኝ። «በዚያች ማታ ሐኪም ቤት ብወስዳት ኖሮ ትድን ነበር፤ ልጄን የገደልኋት እኔ ነኝ» አልኋት። ይህን ቃል ለባለቤቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም ነበር። እርስዋም «አይዞዎት፥ እርስዎ አይደሉም» ብላ አላለፈችውም። ሐሳቡን በወረቀት አጽፋ፥ ማስረጃውን እንደ ዳኛ በሁለት ወገን አቁሜ እንድመረምር አደረገችኝ። በዚያች ማታ የማውቀው ምን ነበር? ትኩሳቷ የከበደው ስንት ሰዓት ላይ ነው? እኔ ያወቅሁትን ብቻ ያወቀ ሌላ አባት በፊቴ ቢቆም እፈርድበት ነበርን? በራሴ ላይ የፈረድሁትን በጠላቴ ላይ እንኳ እንደማልፈርድ ያስተዋልሁት በ5ኛው ሳምንት ነው። ኀዘኑ አልጠፋም፤ ዛሬም አለ። ነገር ግን ኀዘን ሆኖ አለ፤ ዱላ መሆኑን ትቷል።

ይህ ዘዴ የአንድ ሰው ፈጠራ አይደለም። በቪየና ከተማ የሐኪም ዮሴፍ ብሮየር በሽተኛ የነበረች አንዲት ወጣት፥ እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1882 የልቧን እየተናገረች ስትታከም፥ ነገሩን ራስዋ «የንግግር ሕክምና» ብላ ሰየመችው። (እውነቱን መደበቅ አይገባምና፥ ከዚያ በኋላም ሕክምና ቤት ገብታለች፤ ዘዴው ያን ጊዜ ገና ጥሬ ነበር።) እኔ የታከምሁበትን መንገድ ያቀናው ግን የፊላደልፊያው ሐኪም አሮን ቤክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ድብርት የያዛቸውን በሽተኞች ሲያዳምጥ፥ ሳይጠሩት ድንገት ብቅ እያለ ራሳቸውን የሚከስ ሐሳብ እንዳለባቸው አስተዋለ፤ ያንንም ሐሳብ ከማስረጃ ጋር ማፋጠጥን ሕክምና አደረገው።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ አይሆንም» የሚሉ አሉ። እነርሱን ወደ ሐራሬ እልካቸዋለሁ። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለው የዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪም ያክማት የነበረች አንዲት ወጣት፥ ለአውቶቡስ የሚከፈል ገንዘብ አጥታ ወደ እርሱ ሳትመጣ ቀረችና ራስዋን አጠፋች። ይህ ነገር ዕረፍት ነሣው። እ.ኤ.አ. በ2006 በምባሬ ሰፈር 14 አሮጊቶችን ሰብስቦ ማዳመጥንና በጥያቄ ሰውን ወደ መፍትሔ ማድረስን አስተማራቸው። እነርሱም በጤና ጣቢያ ግቢ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ከችግረኛው ጋር ለብቻ ይቀመጣሉ። በሽታውን በአገራቸው ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ሐሳብ መብዛት ነው። እኛስ «ሐሳብ በዛብኝ» አንልምን? እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት 573 ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ነበር፤ ከ6 ወር በኋላም ከአሮጊቶቹ ጋር የተቀመጡት ከሌሎቹ ይልቅ እጅግ ተሽሏቸው ተገኙ። እነዚህ አሮጊቶች ፈረንጆች ናቸውን?

«ወዳጅ እያለ ለምን ለባዕድ?» የሚለውም አለ። ወዳጅህ ይወድሃልና እንባህን አይችለውም፤ ቶሎ እንድታቆምለት «እርሳው» ይልሃል። ነገም በገበያ ያገኝሃል፤ ሚስቱም ትሰማለች። ባለሙያው ግን ምስጢር ሊጠብቅ ግዴታ አለበት፤ በሰማውም አይደነግጥም። ጸሎትህንም ማንም ተው አላለህም፤ እኔም አልተውሁም። እርግጥ ንግግር ብቻ የማይበቃው ሕመም አለ፤ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሰው ወደ ሐኪም ሄዶ መድኃኒቱን ይውሰድ። ንግግሩ ረድቶት ያልተሻለውም ሰው አለ። ነገር ግን ሳይሞክሩ «እብድ ነው» ብለው ሌላውን የሚያሳፍሩ ሰዎች፥ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉትን አባቶቻቸውን ረስተዋል።

የመታሁትን ልጅ ሕክምናዬን ሳልፈጽም በክፍሉ ሁሉ ፊት ይቅርታ ለመንሁት። ዝም ብሎ ቆየና «መምህር፥ የልጅዎ ስም ማን ነበር?» አለኝ። ስሟን ነገርሁት።