ሳይቸግር ራውተር ግዢ

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው የአበው ተረት ዛሬ ዛሬ ከጎተራ ወጥቶ የኮምፒዩተር ክፍል የገባ ይመስላል። የአንድ ድርጅት ኔትዎርክ ተንቀራፎ ደንበኛ ደረሰኝ ለመቀበል ወረፋ ሲይዝ፣ የሶፍትዌሩ ሻጭ «ችግሩ የመስመሩ ነው» ይላል። መስመር አቅራቢው በበኩሉ ጣቱን ወደ ዕቃው ይቀስራል። ዕቃ አቅራቢው ደግሞ መፍትሔው አዲስ ራውተርና ስዊች ብቻ እንደሆነ አስረድቶ ፕሮፎርማውን ያቀርባል። ባለሀብቱም ከሦስቱ እውነቱን የተናገረው የትኛው እንደሆነ ሳያጣራ ቼክ ይፈርማል።

ይህ አካሄድ ድሮም አክሳሪ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን በዶላር የሚገባ ዕቃ በብር ሲሰላ ዋጋው እጅግ ስለናረ፣ ያለማስረጃ የሚፈረም ቼክ ጉዳቱ ከፍቷል። ማስረጃው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ በድርጅቱ መስመር ላይ በየሰከንዱ ያልፋል።

ኮምፒዩተሮች የሚነጋገሩት መልዕክታቸውን ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ጥቅሎች ከፋፍለው በመላክ ነው። ጥቅሉ ላኪና ተቀባዩን፣ ተራ ቁጥሩንና እስካሁን የደረሰውን መጠን የሚገልጽ ጽሑፍ እንደ ማጓጓዣ ሰነድ በላዩ ይይዛል። ይህን ሁሉ ከነሰዓቱ ቀድቶ ማስቀመጥና መመርመር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተው ኔትዎርክ ጄኔራል የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ለዚሁ ሥራ «ስኒፈር» የተሰኘ መሣሪያ ሠርቶ ሲሸጥ፣ የመግዛት አቅም የነበራቸው ትላልቅ ድርጅቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ግን ጄራልድ ኮምብስ የተባለ ባለሙያ «ኢተሪያል» የሚባል ፕሮግራም በነጻ አወጣ። ከ2006 ወዲህ «ዋየርሻርክ» እየተባለ የሚጠራው ይኸው ፕሮግራም ዛሬም ገንዘብ አይከፈልበትም። ማስተካከያ የሚቀበሉ አብዛኞቹ ስዊቾችም የአንዱን ቀዳዳ ትራፊክ ቅጂ በሌላው ቀዳዳ ማውጣት ይችላሉ። ድርጅቱ ማውጣት ያለበት የአንባቢውን ባለሙያ የጉልበት ዋጋ ብቻ ነው ማለት ነው።

ለመሆኑ መዝገቡ ሲነበብ ምን ይናገራል? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የቅርንጫፉ ጥያቄ ሰርቨሩ ዘንድ መድረሱን የሚገልጸው ማረጋገጫ በ3 ሚሊ ሰከንድ ተመልሶ፣ የጥያቄው መልስ ግን ከ4 ሰከንድ በኋላ ከመጣ፣ መስመሩም ራውተሩም ሥራቸውን ሠርተዋል። 4ቱ ሰከንድ የጠፉት ሰርቨሩ ውስጥ ወይም ከጀርባው ካለው የመረጃ ቋት ዘንድ ነው። በዚህ ጊዜ የሚገዛ ራውተር መዘግየቱን በአንዲት ሰከንድ እንኳ አይቀንሰውም።

ሁለተኛው ምሳሌ ለነጋዴ ይበልጥ ይገባዋል፤ የዱቤ ነገር ነውና። ላኪው ኮምፒዩተር ማረጋገጫ ሳያገኝ በዱቤ የሚልከው መጠን ጣሪያ አለው። ጣሪያው ሲሞላ ቆሞ ይጠብቃል። በቀድሞው ደንብ ይህ ጣሪያ 65,535 ባይት ነው። ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ሆኖ ደርሶ መልሱ 200 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀ፣ ዱቤው በሰከንድ 5 ጊዜ ብቻ ይታደሳል። ሲሰላ በሰከንድ 2.6 ሜጋቢት ግድም ይሆናል። መስመሩ 100 ሜጋ ቢሆን አንድ ፋይል ሲላክ ከዚህ አያልፍም። መንገዱ ቢሰፋ ዱቤው አይሰፋም። ጣሪያውን ከፍ የሚያደርገው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1992 ወጥቶ ዛሬ የተለመደ ቢሆንም፣ በመሐል ያለ አሮጌ ፋየርዎል ሊሰርዘው ወይም ፕሮግራሙ ራሱ ጣሪያውን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ስምምነቱ የሚደረገው ግንኙነቱ ሲከፈት በሚለዋወጧቸው የመጀመሪያ ፓኬቶች ስለሆነ፣ መዝገቡ ከመነሻው ካልተያዘ ምስጢሩ አይገኝም።

ዕቃ አቅራቢዎች «ዕቃም ያረጃል፣ ይበላሻል» ቢሉ ሐሰት አይደለም። አምራቹ የጸጥታ ማስተካከያ መስጠት ያቆመበት ራውተር ፈጣን ቢሆንም መለወጥ አለበት። የተጠረጠረው ዕቃ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑም በመዝገቡ ይለያል። ከዕቃው በፊትና ከዕቃው በኋላ በአንድ ጊዜ ተቀድቶ፣ በአንዱ በኩል የገባው ፓኬት በሌላው በኩል ካልወጣና የከለከለው ደንብ ከሌለ፣ የጠፋው እዚያው ነው። ያኔ ግዢው ምክንያት አለው፤ ዋስትናው ያላለቀ ዕቃ ከሆነም ባለንብረቱ በባዶ እጁ አይከራከርም።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ያልተመሰጠረ ግንኙነት ሲቀዳ የደንበኛ ሂሳብና የይለፍ ቃል አብሮ ይቀዳል። ስለዚህ የፓኬቱን ራስጌ ብቻ መቅዳት ለአብዛኛው ምርመራ ይበቃል፤ የተመሰጠረውም ቢሆን ሰዓቱና ተራ ቁጥሩ ይነበባል። መዝገቡን ለውጭ ባለሙያ መስጠት ካስፈለገ በጽሑፍ ውል መሆን ይኖርበታል።

ቡና ነጋዴ ናሙና ሳያይ ጆንያ አይቆጥርም። ኔትዎርክ ላይ ሲደርስ ይህ ልማድ የሚቀርበት ምክንያት የለም። አዲስ ዕቃ ይገዛ የሚል ሁሉ ከፕሮፎርማው ጋር የፓኬቱን መዝገብና የንባቡን ውጤት እንዲያያይዝ መጠየቅ የገዢው መብት ነው። ማያያዝ ያልቻለ ሻጭ የሚሸጠው ግምቱን ነው፤ ግምት ደግሞ በዶላር አይገዛም።