የአዳኝና የታዳኝ ቀመር በጣና ሚዛን

የአዳኝና የታዳኝ ሒሳባዊ ሞዴል በየመማሪያ ክፍሉ ሲነሣ የሚጠቀሰው ምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ የካናዳ ጥንቸልና ሊንክስ የተባለው የዱር ድመት ነው። ተማሪዎቻችን ሁለቱንም አይተው አያውቁም። ሆኖም የሞዴሉ ትውልድ ከዓሣ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ለባሕር ዳር ተማሪ ከጣና የተሻለ ምሳሌ የለውም ብለን እናምናለን።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያናዊው የሥነ እንስሳት ሊቅ ኡምቤርቶ ዳንኮና የአድሪያቲክ ባሕር ወደቦችን የገበያ መዝገብ መረመረ። በፊዩሜ ወደብ እ.ኤ.አ. በ1914 ከተያዘው ዓሣ አዳኞቹ 12 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ1918 ወደ 36 በመቶ ደረሱ፤ በ1923 ተመልሰው 11 በመቶ ገደማ ሆኑ። በጦርነቱ ዘመን ማስገር ቀንሶ ነበር። ታዲያ የማስገር መቀነስ አዳኞቹን ለይቶ የጠቀመው ለምንድን ነው? የሒሳብ ሊቁ ቪቶ ቮልቴራ መልሱን በ1926 አቀረበ። አልፍሬድ ሎትካም ተመሳሳይ እኩልታዎችን በ1925 አሳትሞ ነበር።

የታዳኞችን ብዛት ታ፣ የአዳኞችን አ እንበል።

የታ ለውጥ = ሀ×ታ − ለ×ታ×አ
የአ ለውጥ = መ×ታ×አ − ረ×አ

ታዳኝ ይራባል፣ ይበላል፤ አዳኝ በልቶ ይራባል፣ ይሞታል። ብዛታቸው ከፍ ዝቅ ቢልም የታ አማካይ ረ/መ፣ የአ አማካይ ሀ/ለ ነው። አሁን ሁለቱንም በእኩል ፍጥነት ስ እናስግር። የታ አማካይ (ረ+ስ)/መ ሆኖ ይጨምራል፤ የአ አማካይ (ሀ−ስ)/ለ ሆኖ ይቀንሳል። መጠነኛ ማስገር ታዳኙን ይጠቅማል፣ አዳኙን ይጎዳል ማለት ነው። ማስገሩ ሲቀንስ ውጤቱ ይገለበጣል፤ በፊዩሜ የታየውም ይኸው ነው።

ወደ ጣና እንመለስ። በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ በተለየው በዚህ ሐይቅ 15 ያህል የትልልቅ ባርበስ ዝርያዎች ይኖራሉ። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ቀድሞ ማስገር በታንኳ፣ በዳርቻው ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። በ1991 እና በ2001 መካከል ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ባርበሶች ምርት በሦስት አራተኛ ያህል አሽቆለቆለ።

ቀመሩ ይህን ይተነብያልን? በከፊል ብቻ ይተነብያል። በቮልቴራ ሕግ ቢሆን ኖሮ የሚጎዱት አዳኞቹ ብቻ በሆኑ ነበር። በጣና ግን ዓሣ የሚበላውም፣ በደቃቅ ነፍሳት የሚኖረውም አብሮ ተመናመነ። የጉዳተኞቹ የጋራ ባሕርይ ምግባቸው ሳይሆን የመራቢያ ቦታቸው ነው። በክረምቱና በመስከረም በጉማራ፣ በርብና በሌሎችም ወንዞች መግቢያ ይሰበሰባሉ፤ መረቡም እዚያው ይጠብቃቸዋል። ቀመሩ ግን መረብ ማንኛውንም ዓሣ በማንኛውም ቦታና ወቅት በእኩል ዕድል ያገኛል ብሎ ይነሣል። አስጋሪው በወንዙ አፍ መረቡ ሞልቶ ሲወጣ ሐይቁ የሞላ ይመስለዋል፤ የወጣው ግን የመጪው ዓመት ዘር ነው።

ስለዚህ ቀመሩን እንጣለው አንልም። የሞዴል ትልቁ ጥቅም የትኛው ግምታችን እንደ ተሳሳተ ለይቶ ማሳየቱ ነው። ስ የተባለውን ቋሚ ቁጥር ከወር ወር የሚለዋወጥ እናድርገው፤ ዓሦቹንም ለመራባት የደረሱና ያልደረሱ ብለን እንክፈላቸው። ያን ጊዜ ሞዴሉ ለጣና የሚሆን ጥያቄ ሊመልስ ይችላል። የወንዞቹ መግቢያ በመራቢያ ወቅት ከመረብ ነጻ መሆን አለበት ባዮች ነን። አስጋሪው ግን በክረምትም የሚያበላው ቤተሰብ አለውና፣ ስንት ሳምንት ቢዘጋ ዓሣውም ሰውም ይተርፋል የሚለውን በግምት ሳይሆን በስሌት ልንነግረው ይገባል።

ለዚህ ደግሞ መዝገብ ያስፈልጋል። ከቮልቴራ ቀመር በፊት የዳንኮና የገበያ መዝገብ ነበረ፤ ከዚያም በፊት በየወደቡ በየዓመቱ የተያዘውን ዓሣ በትዕግሥት የጻፉ ሰዎች ነበሩ። ውድ ተማሪዎች፣ ዲፈረንሻል እኩልታ መፍታት ስትማሩ ደብተራችሁን ይዛችሁ ጀልባዎቹ ወደሚያርፉበት ዳርቻ ውረዱ፤ የዓሣውን ዓይነት፣ ርዝመትና ወር መዝግቡ። ቀመሩን ሌላው ዓለም አስተምሮናል፤ የጣናን ቁጥሮች ግን ከእኛ በቀር የሚጽፍልን የለም።