ያረጀ ውሻ የጤናው ምልክት

ውሻ በበላበት ይጮኻል እየተባለ ይተረታል። በኮተቤና ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ባሉት ሰፈሮች ጅብ ከጫካው ወደ ሰው ደጅ ይወርዳልና፤ የውሻ ጩኸት ለቤቱ ሁሉ የሌሊት ጥበቃ ነው። ይህ ጠባቂ ሸምግሎ ጩኸቱ ሲቀንስና መተኛት ሲያበዛ ግን፤ ብዙ ሰው «አርጅቷል» ብሎ ያልፈዋል። እርጅና በራሱ በሽታ አይደለም፤ ሊታከም የሚችለውን በሽታ ግን ይሸፍናል።

ትልልቆቹ ውሾች ከ7 ዓመት ግድም፤ ትንንሾቹም ከ10 ዓመት በኋላ እንደ ሽማግሌ ይቈጠራሉ። በየዕለቱ የሚያየው ሰው ጥቂት በጥቂት የሚመጣውን ለውጥ አያስተውልምና፤ የቤቱ ጌታ ወይም እመቤት በየወሩ መርምረው ያዩትን በደብተር ቢጽፉ መልካም ነው።

፩ኛ፤ ሥጋው። ፀጉር መክሳትን ይሸፍናልና የጎድን አጥንቱን በእጅ መዳሰስ ይገባል።

፪ኛ፤ ውሃው። ከቀድሞው አብዝቶ የሚጠጣና ሽንቱ የበዛ እንደ ሆነ፤ የኵላሊት ወይም የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። ውሃ ግን ከቶ አይከልከል።

፫ኛ፤ አፉ። ክፉ ሽታና ባንድ ወገን ብቻ ማኘክ የጥርስ ሕመም ምልክት ነው።

፬ኛ፤ አነሣሡ። በብርድ አድሮ ጧት በጭንቅ የሚነሣ ከሆነ መገጣጠሚያው ሳይታመም አልቀረም። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን፤ እንደ ኢቡፕሮፌን ያለው፤ ለውሻ መርዝ ነውና አይሰጠው።

፭ኛ፤ እስትንፋሱ። ተኝቶ ሳለ በ1 ደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፤ ወይም ሌሊት የሚያስል ከሆነ፤ ልቡን ወይም ሳንባውን ሐኪም ይመልከተው። እ.ኤ.አ. በ1979 በደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ፤ ባገራችን የተማሩ የእንስሳት ሐኪሞች አሉና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ጠባዩ በድንገት የተለወጠው ነው። ገራሙ ተናካሽ ቢሆን፤ ለሐጩ ቢንጠባጠብ፤ መዋጥ ቢሳነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና በእርጅና አይመካኝ። እጅ ሳያስነኩ ዘግቶበት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቍስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂድ፤ በሽታው በሰው ላይ ምልክቱን ካሳየ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት አልተገኘምና።

ይህ ሁሉ ከሌለ፤ ደረቅ መኝታ፤ ለስላሳ ምግብና ሌሊት ከቤት ውስጥ ማደር ይበቃዋል። በጕልበቱ ዘመን ጅብ ሲያባርር የኖረ ውሻ፤ በድካሙ ጊዜ ከደጅ ቢተው ለዚያው ጅብ ሲሳይ ይሆናል።