ፒራሚዱን የሠራው እጅ ስም አለው

በ2020 እ.ኤ.አ. ኤሎን መስክ «ፒራሚዶቹን የገነቡት ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ናቸው» የሚል መልእክት ትዊተር ላይ ለቀቀ። የግብፅ የዓለም አቀፍ ትብብር ሚኒስትር ራኒያ አል-ማሻት «መጥተህ የሠራተኞቹን መቃብር እይ» ብለው መለሱለት። ቀልድ ነው ያሉ ነበሩ። ቀልዱ ግን ዛሬም አልቆመም። በአማርኛም ሳይቀር፣ አስፈሪ ሙዚቃ የተለጠፈበት ቪዲዮ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፦ «በመዳብ መሮ ግራናይት ይቆረጣል እንዴ?»

ክርክሩ አጭር ነው። መዳብ ለስላሳ ነው፤ ግራናይት ጠንካራ ነው፤ ስለዚህ ግብፃውያን አልሠሩትም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው። መዳብ በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 3 አካባቢ ነው፤ ግራናይት ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ነው። ስህተቱ ያለው «ስለዚህ» የምትለው ቃል ላይ ነው።

ሲጀመር የኩፉ ፒራሚድ በአብዛኛው ግራናይት አይደለም። የኖራ ድንጋይ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ደግሞ በመዳብ መሮ ይጠረባል። ግራናይቱ ያለው በዋነኛነት በንጉሡ ክፍል ውስጥ ነው። እሱም ቢሆን በመዳብ ስለት አልተቆረጠም። የቆረጠው አሸዋ ነው። የመዳቡ መጋዝ ሥራ አሸዋውን ድንጋዩ ላይ ወዲያና ወዲህ መጎተት ነው፤ አሸዋ ራሱ ኳርትዝ ስለሆነ ኳርትዝ ኳርትዝን ይበላል። እንግሊዛዊው ዴኒስ ስቶክስ ይህን በእጁ ሞክሮታል። በመዳብና በአሸዋ ግራናይት መጋዝም መብሳትም ችሏል። አዝጋሚ ነው፤ መዳቡንም ይጨርሳል፤ ግን ይቆርጣል።

ከዚህ የበለጠ ምስክር ደግሞ እዚያው የንጉሡ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ፍሊንደርስ ፒትሪ በ1880ዎቹ መጀመሪያ የኩፉን የግራናይት ሣጥን ሲለካ፣ መጋዙ መስመር ስቶ የገባበትን፣ ሠራተኛው ወደ ኋላ መልሶ እንደገና የጀመረበትን ምልክት አገኘ። ከዋክብትን አቋርጦ የመጣ መሣሪያ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቶ እንደገና ይጀምራል? እንዲህ የሚሳሳተውና የሚያርመው ሰው ነው።

አስዋን የቀረው ሐውልትም እንዲሁ ይናገራል። ርዝመቱ 42 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ1000 ቶን በላይ ነው። ዶለራይት በሚባል ጠንካራ ድንጋይ እየተወቀጠ ሲፈለፈል ሰነጠቀና ተጣለ። የመውቀጫ ድንጋዮቹም እዚያው ተገኝተዋል።

ሌላው የተለመደ አባባል «እውቀቱ ድንገት ብቅ አለ» የሚል ነው። ድንገት አልነበረም። የላይኛው ግብፅ ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4000 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ማላካይት የተባለውን አረንጓዴ የመዳብ ማዕድን ፈጭተው ዓይናቸውን ይኳሉ ነበር፤ ትንንሽ የመዳብ ጨሌና መርፌም ነበራቸው። ቀጥሎ በዛሬዋ ካይሮ አጠገብ ማዓዲ ላይ የመዳብ ሥራ ሰፋ። ዋልተር ኤመሪ ሳቃራ ላይ በከፈተው የመጀመሪያው ሥርወ መንግሥት መቃብር ውስጥ መጋዝ፣ መሮ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋና መርፌ በመቶዎች ተከማችቶ ተገኘ። ይህ ከኩፉ 400 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከኩል እስከ መጋዝ ያለው መንገድ ከሺህ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ሥራው ራሱ ምን ይመስል ነበር? መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በጥንታዊው መንግሥት የመቃብር ሥዕሎች ላይ ሰዎች እሳቱን ከበው በረጅም ቱቦ ሲነፉ ይታያሉ። በእግር የሚረገጥ ወናፍ የሚታየው ከሺህ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሬኽሚሬ መቃብር ሥዕል ላይ ነው። እስከዚያ ወናፉ የሰው ሳንባ ነበር። መዳባቸው ብዙ ጊዜ አርሴኒክ ነበረበት፤ ይህ ብረቱን ያጠነክረዋል፣ ጢሱ ግን መርዝ ነው። ከዚያ ይቀጠቀጣል፣ ይጠነክራል፤ ሲሰባበር እንደገና በእሳት ይለዝባል፣ እንደገና ይቀጠቀጣል።

«ታዲያ መሣሪያዎቹ ለምን ፒራሚዱ ሥር ተከምረው አልተገኙም?» ይላሉ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። መዳብ ውድ ነበር። የዶለዶመ መሮ አይጣልም፤ ቀልጦ ሌላ መሮ ይሆናል። በኋለኛው ዘመን በዴር ኤል-መዲና የመንግሥት መሮ ለሠራተኛ የሚሰጠው በሚዛን፣ የሚመለሰውም በሚዛን ነበር።

ጽሑፍም አልጠፋም። በ2013 የፒየር ታሌ ቡድን በቀይ ባሕር ዳርቻ ዋዲ አል-ጃርፍ ላይ የኩፉ ዘመን ፓፒረስ አገኘ። ወደቡ መዳብና ፌሩዝ ወደሚወጣበት ሲና መሻገሪያ ነበር። ከጽሑፎቹ አንዱ ሜሬር የተባለ አለቃ 40 ገደማ ሰዎቹን ይዞ ከቱራ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ወደ ጊዛ ሲያመላልስ የጻፈው የቀን መዝገብ ነው። አለቃው ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ጭነት አለው። ባለሙያዎች ድንጋዩ ወደ ላይ ስለወጣበት መንገድ ዛሬም ይከራከራሉ። ስለ ሠሪው ግን ክርክር የለም።

ነገሩ የታሪክ ስህተት ብቻ ቢሆን በታለፈ። የኮሎኝን ካቴድራል ማን ሠራው ብሎ ሰማይ የሚያይ ብዙ ሰው የለም። ጥርጣሬው የሚነሣው ሠሪው አፍሪካዊ ሲሆን ነው። ገርትሩድ ካተን-ቶምሰን ታላቋ ዚምባብዌ የአፍሪካውያን ሥራ መሆኗን በ1929 አስረድታ ነበር፤ የነጮቹ የሮዴዥያ መንግሥት ግን እስከ መጨረሻው አልዋጥ አለው። ግራሃም ሃንኮክም በ1992 መጽሐፉ የላሊበላን ሥራ ከአውሮፓ ቴምፕላር ባላባቶች ጋር አያያዘው። ምእመኑ «መላእክት ረዱት» ሲል ላሊበላን ከሥራው አያስወጣውም። ሃንኮክ ግን ለሥራው ሌላ ባለቤት ፈለገለት።

ግን ጣት ወደ ውጭ ብቻ መቀሰር አይበቃም። ይህ ቪዲዮ በአማርኛ ገበያ ያገኘው በምክንያት ነው። ብረት የሚያቀልጠውን «ቡዳ» ብሎ የሚሸሽ፣ «ቀጥቃጭ» የሚለውን ቃል ስድብ ያደረገ አገር፣ በእጅ ሥራ ታላቅ ነገር ይሠራል ቢባል እንዴት ይመን? ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን አልሞተም። ማረሻውን የሠራለትን ጎረቤቱን የሚንቅ ሰው፣ ፒራሚዱን ለማርስ ሰው ቢሰጥ አይገርምም።

ቪዲዮው ዛሬም ይዞራል፤ ነገም ይዞራል። የሚያጋራው ሰው ከማጋራቱ በፊት አንድ ነገር ያስብ፦ ስሙን እየፋቀ ያለው በቱቦ እሳት ሲነፋ ሳንባው የተቃጠለውን ሰው ነው።