ሕግ ከጉዳት በፊት ሊደርስ ይገባል

የአንድ ኅብረተሰብ ዕድገት ከሚለካባቸው ዐበይት መመዘኛዎች አንዱ የሴቶች ሰብአዊ መብት የተከበረበት ደረጃ ነው። በመሆኑም ከትዳር ወይም ከአብሮ መኖር ከተለያዩ በኋላ በቀድሞ ባሎቻቸው የሚዛትባቸው፣ የሚደበደቡትና የሚሳደዱት እኅቶቻችን ችግር «የቤት ጣጣ ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይችልም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ትዳር ከመሠረቱ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 34 በመቶው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት በትዳር ጓደኛቸው ተፈጽሞባቸዋል።

በድሬዳዋ የቀፊራ ገበያ የጉዳዩን ክብደት በግልጽ ያሳያል። ቀፊራ የአያሌ ሠርቶ አደር ሴቶች የዕለት እንጀራ ምንጭ ነው። አትክልት ዘርግታ ወይም ቅመም ሰፍራ የምትሸጥ ሴት የምትቀመጥበት ቦታ፣ የምትመጣበትና የምትመለስበት ሰዓት ለደንበኞቿ ሁሉ የታወቀ ነው። ለደንበኛ የታወቀው ደግሞ ለሚያሳድዳት የቀድሞ ባልም የታወቀ ነው። እንዲህ ላለችው ሴት «ሰፈር ለውጪ፣ ተሸሸጊ» የሚለው ምክር «ሥራሽን ትተሽ ከነልጆችሽ ተራቢ» ከማለት የሚለይ አይደለም። ስለዚህ መመለስ ያለበት ጥያቄ አሳዳጁ በምን ይገታ የሚለው ነው።

በሕግ ረገድ የተገኘው ድል በቀላሉ የሚገመት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ጠላፊ የጠለፋትን ሴት ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ከፍቶ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት አረጋገጠ፤ ድሬዳዋ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ በመሆኗ በቀጥታ የሚሠራባት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የባልን የበላይነት ሻረ፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ከጋብቻ ውጪ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት ወንጀል አደረገ።

ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ክፍተት እንዳለ ሊሰመርበት ይገባል። አንቀጽ 564 የቀድሞ ባልን በስም አይጠቅስም። በአንቀጽ 580 የተመለከተው ዛቻ የሚያስቀጣው ተበዳይ አቤቱታ ስታቀርብ ሲሆን፣ ቅጣቱም መቀጮ ወይም ከ6 ወር የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 82 የፍቺ ክርክር እየተካሄደ ሳለ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት ትዕዛዝ እንዲሰጥ ያዝዛል። ዳሩ ግን «ወደ ቤቷ፣ ወደ ሥራ ቦታዋና ወደ ልጆቿ ትምህርት ቤት እንዳትደርስ» የሚል፣ ሲጣስ ወዲያውኑ የሚያሳስር ራሱን የቻለ የጥበቃ ትዕዛዝ በሁለቱም ሕጎች አልተደነገገም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ አንዲት ሴት በቀድሞ ባሏ እጅ የሁለት ዓይኖቿን ብርሃን ማጣቷ አገርን ያስለቀሰ ጉዳይ ነበር። ከእንዲህ ያለው ጉዳት በኋላ የሚመጣ ቅጣት አስፈላጊ ቢሆንም የጠፋ ዓይን አይመልስም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሌሎች የአፍሪካ አገሮች መንገዱን አሳይተዋል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ኡጋንዳ በ2010፣ ኬንያ በ2015 የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚመለከቱ ሕጎች አውጥተዋል። በደቡብ አፍሪካ ሕግ ጥበቃው የቀድሞ የትዳር ጓደኛንም ያጠቃልላል፤ ፍርድ ቤቱ የጥበቃ ትዕዛዙን ሲሰጥ የመያዣ ትዕዛዝም አብሮ ያወጣል፤ ይህም ተከሳሹ እስካከበረ ድረስ ታግዶ ይቆያል፤ ከጣሰ ግን ፖሊስ ይይዘዋል።

አንዳንድ ወገኖች «ይህ ትዳር ያፈርሳል፣ ሽምግልናንም ይሽራል» ይሉ ይሆናል። የፈረሰን ትዳር ሕግ አያፈርሰውም። ርቆ የሚቀመጥን ሰውም ትዕዛዙ አያሳስረውም፤ በሐሰት ተወነጀልኩ የሚል ቢኖርም ዳኛ ፊት ቀርቦ ቃሉን ይሰጣል። ሽምግልናም ቢሆን ክቡር የሚሆነው የተበደለችውን ሲጠብቅ ነው። ሴትንና አህያን በዱላ አስተካክሎ የሚያይ ተረት የሚተርት፣ ተበዳይን «ቻዪው» ብሎ ወደ ዱላው የሚመልስ ሽምግልና ግን የኋላ ቀር አስተሳሰብ መሣሪያ ነው።

ሕጉ እስኪሟላ ድረስም እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። የወንጀል ሕጉ ዛቻ የሰነዘረ ሰው የመልካም ጠባይ ዋስትና እንዲሰጥ ፍርድ ቤት ሊያስገድደው የሚችልበትን ሥርዓት ይዟል፤ ይህን ማወቅና ማሳወቅ የእያንዳንዱ የቀበሌ ነዋሪና የእድር አባል ተግባር ነው። ዛቻው የተነገረበትን ቀን፣ ሰዓትና ቃል መዝግቦ መያዝ፣ ተበዳይዋን ብቻዋን ሳይተዉ እስከ ፖሊስ ጣቢያ ማድረስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያዩትንና የሰሙትን መመስከር ያስፈልጋል። «ከሥራ እቀራለሁ፣ ደመወዜ ይቆረጣል» የሚል ሠራተኛ ምክንያት አይኖረውም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፍርድ ቤት ለመመስከር የሚቀርብ ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል። የሠራተኛ ማኅበራትም ይህ መብት በተግባር መተርጐሙን መከታተል አለባቸው።

የመጨረሻው መፍትሔ ግን ሕግ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቀድሞ የትዳር ጓደኛን በግልጽ የሚጨምር፣ በአጭር ጊዜና ያለ ብዙ ወጪ የሚገኝ፣ ሲጣስም ወዲያውኑ የሚያስይዝ የጥበቃ ትዕዛዝ ሊደነግግ ይገባዋል። የቀፊራ ነዋሪዎችም ይህን ጥያቄ በየስብሰባቸው አንሥተው ለመረጧቸው ተወካዮች ማቅረብ አለባቸው። ሠርታ የምታድር ሴት በገበያዋ መካከል ያለ ስጋት ተቀምጣ እንድትውል ማድረግ የሁላችንም ግዴታ ነው!